በሬው ከመሸጡ በፊት፦ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱ ልጆቻችን የገንዘብ ሥጋትና የሰበካ ጉባኤያት ድርሻ

መግቢያ



ባለፈው ክረምት በሉማሜ አካባቢ በሚገኝ አንድ አጥቢያ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ለሚጠብቁ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው ትምህርት እንድሰጥ ተጋብዤ ነበር። እኔም ስለ ገንዘብ መጨነቅ እንደማይገባ፣ እግዚአብሔር የሁሉ መጋቢ እንደ ሆነ ረዘም አድርጌ አስተማርሁ። ምእመናኑ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዐውደ ምሕረቱ ስወርድ አንዲት ተማሪ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብሰብ አድርጋ ቀረበችኝና በዝግታ ጠየቀችኝ፦ «ዲያቆን፣ ምደባዬ ሩቅ አገር ቢሆን ከመኪና ወርጄ የመጀመሪያዋን ሌሊት የት ነው የማድረው? አባቴ በሬውን ሊሸጥልኝ ነው፤ ስንት እንደሚበቃኝ ግን እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ።»

መልስ አልነበረኝም። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ እኅቴ» ብዬ ተሰናበትኋት። ከሁለት ወር በኋላ በሌላ ሥራ ወደዚያው አጥቢያ ስመለስ በሬው ተሽጧል። ከገንዘቡ ከፍ ያለው ክፍል ለአዲስ ስልክ፣ ለትልቅ ሻንጣና «ሳይኖርሽ አትሂጂ» እየተባለ ለተገዛ ልብስ ውሏል። ልጅቱ ግን በሁለተኛው ወር ለመማሪያ ጽሑፍ ኮፒ የሚሆን ገንዘብ አጥታ ወደ ቤት ደውላለች። አባቷም አንድ በሬ ብቻ ስለቀረው የጎረቤቱን አቀናጅቶ አረሰ፤ ያልደረሰበትን ማሳ ለእኩል ሰጠ።

ያን ቀን ስብከቴ ስሕተት አልነበረም፤ ግን ጎዶሎ ነበር። ልጅቱ የጠየቀችኝ ስለ እምነት ሳይሆን ስለ አንዲት ሌሊት ማደሪያና ስለ አንድ ቁጥር ነበር። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ያሰበን ሰው ምሳሌ አድርጎ ሲያስተምር፣ ሰውየው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር ተናግሯል። እንግዲህ ቆጥሮ መነሣት የእምነት ጉድለት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም አንድ ነው፦ የልጆቻችን ሥጋት የሚበዛው ወጪው ስላልተቆጠረ ነው፤ ቈጠራውን ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ ለመሥራት ደግሞ ከአጥቢያ ሰበካ ጉባኤ የቀረበ አካል የለም። ይህም ሥራ በሬው ከመሸጡ በፊት መሠራት አለበት።

1. ሥጋቱ ከየት ይመጣል?

በመጀመሪያ ዕድሉ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ እናስታውስ። በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በክልላችን ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ልጆች ለፈተና እንኳ ሳይቀመጡ ቀርተዋል። ይህን ሁሉ አልፎ የተገኘ ውጤት በአንድ የገበሬ ቤት ውስጥ ምን ያህል ክብር እንዳለው ለእናንተ አይነገርም። ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። «ልጄ አልፏል» የተባለ ወላጅ «ስንት ያስፈልጋል?» ብሎ ሳይጠይቅ ያለውን ሁሉ ለመሸጥ ይነሣል፤ ልጁም ይህን አይቶ ደስታው ወደ ፍርሃት ይለወጥበታል።

ከወጣቶቹ ጋር በተነጋገርሁ ቁጥር ሥጋቱ በሦስት መልክ ሲመጣ አያለሁ። የመጀመሪያው የመንገድና የመጀመሪያው ወር ሥጋት ነው። ምደባው ደብረ ማርቆስ ከሆነ መንገዱ ቅርብ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ለአካባቢያችን ልጆች ትልቅ እፎይታ ሆኗል። ምደባው ጅማ ወይም አርባ ምንጭ፣ ድሬዳዋ ወይም ሠመራ ከሆነ ግን ልጁ በደጀን በኩል የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ አዲስ አበባ አድሮ፣ እንደገና ሌላ መኪና መያዝ አለበት። በጸጥታ ምክንያት መንገድ ሲዘጋ ወጪው ይጨምራል፤ አንዳንዴም ጉዞው ይዘገያል።

ሁለተኛው የዕዳ ሥጋት ነው። «መንግሥት ያበላሃል፤ በኋላ ግን ያስከፍልሃል» የሚለው ወሬ በየቤቱ ይነገራል፤ መጠኑንና አከፋፈሉን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ሦስተኛው ኀፍረት ነው። ከከተማ ልጆች መካከል ገብቶ ጫማው፣ ስልኩና አነጋገሩ እንደሚታይበት የሚያስብ ተማሪ፣ ሲቸገር መናገርን እንደ ውርደት ይቆጥራል። ብዙውን ጊዜ ልጅን ከትምህርቱ የሚያስቀረው የገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም፤ እጥረቱን ለማንም አለመናገሩም ጭምር ነው።

2. ምን ይከፈላል? መቼስ ይከፈላል?

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛው መርሐ ግብር የተመደበ ተማሪ ሲመዘገብ የትምህርት፣ የምግብና የመኝታ ዋጋ በእጁ ይዞ እንዲቀርብ አይጠበቅበትም። በግቢው ውስጥ መኝታና የምግብ አገልግሎት ያገኛል። ይህን ብቻ ማወቅ ብዙ ቤተሰቦችን ከድንጋጤ ያሳርፋል።

ነገር ግን አገልግሎቱ ስጦታ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲሸፍን ያደርጋል። ተማሪው በየዓመቱ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቀነሰ ይከፍላል። በመምህርነት የሚሰለጥኑ በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት የሚከፍሉበት መንገድም በሥርዓቱ ውስጥ አለ።

ይህን በምሳሌ እንየው። አንድ ተማሪ ትምህርቱን ሲጨርስ በውሎቹ ላይ የተጻፈው ድርሻ ተደምሮ 120,000 ብር ሆነ እንበል። ተቀጥሮም በወር 10,000 ብር ቢያገኝ፣ ከዚህ 10 በመቶው 1,000 ብር ነው። በዚህ መጠን ብቻ ቢከፍል ዕዳው በ120 ወር፣ ማለትም በ10 ዓመት ያልቃል። ይህ ቀላል ሸክም ነው አንልም። ነገር ግን ወላጅን ዛሬ በሬ የሚያሸጥ ዕዳ አይደለም፤ እንደ አራጣም በየወሩ የሚወልድ አይደለም። ባለዕዳው ሥራ የያዘው ልጅ እንጂ ማሳውን የሚያርሰው አባት አይደለም።

ስለዚህ ልጆቻችንን ሦስት ነገር እናስተምራቸው። አንደኛ፣ የሚፈርሙትን ውል ያንብቡ፤ ቅጂውንም ይያዙ። መንግሥት ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመድበው በጀት በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ማለቱን ስናይ፣ በውሉ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ከታላላቆቻቸው ከሰሙት ሊለይ እንደሚችል እንረዳለን። ሁለተኛ፣ ዋናው የምስክር ወረቀትና ኦፊሴላዊው ትራንስክሪፕት ዕዳው ሳይጠናቀቅ የማይሰጥበት አሠራር ስላለ፣ ክፍያውን እንደ ተረሳ ነገር እንዳይተዉት። ሦስተኛ፣ ሁሉም ተቋም አንድ ዓይነት አይደለም። የግል ኮሌጅ ክፍያ በየጊዜው በቅድሚያ የሚከፈል ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የቅበላና የክፍያ ሥርዓቱ ከሌሎቹ ስለሚለይ፣ ወደዚያ የሚያመለክት ልጅ ለብቻው መጠየቅ ይኖርበታል።

እንግዲህ ከቤተሰብ ኪስ ዛሬ የሚወጣው የትኛው ነው? የመጓጓዣው፤ የመንገድ ላይ ምግብና አዳር፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በጥሪያቸው ይዛችሁ ኑ የሚሏቸው አንሶላ፣ ብርድ ልብስና የትራስ ጨርቅ፤ ጉርድ ፎቶግራፍና የማስረጃ ኮፒ፤ ከዚያም በየወሩ የሳሙና፣ የደብተር፣ የኮፒና የስልክ ወጪ ነው። ሴት ተማሪዎች የንጽሕና መጠበቂያ ወጪ አለባቸው፤ ይህን አባቶች ስለማያነሡት እናቶች በዝርዝሩ ውስጥ እንዲያስገቡት መንገር ያስፈልጋል። የቤተሰቡ እውነተኛ ሸክም ይህ ነው። ትንሽ አይደለም፤ ግን የሚቆጠር ነው። የተቆጠረ ነገር ደግሞ ሊከፋፈል፣ ሊታቀድና ሊታገዝ ይችላል።

ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ውጤትም ሆነ ምደባ በትምህርት ሚኒስቴርና በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ይፋዊ መንገዶች ይነገራል። «ምደባ አስቀይራለሁ፤ ውጤት አስተካክላለሁ» እያለ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው አታላይ ነው። በዚህ የተበላ ገንዘብ አይመለስም፤ ልጁም በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል።

3. በቤት ውስጥ ምን አለ?

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 ስለ አንዲት መበለት እናነባለን። ባለዕዳ ሁለት ልጆቿን ባሪያ ሊያደርግ መጣባትና ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ ጮኸች። ነቢዩ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቃት በቤቷ ያለውን ነው። እርሷም ከአንድ ማሰሮ ዘይት በቀር ምንም እንደሌላት ነገረችው፤ በረከቱ የጀመረው ከዚያው ማሰሮ ነበር፤ ጎረቤቶቿም ባዶ ማድጋዎቻቸውን አዋሷት። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥያቄውም፣ የቤቱ ዕቃም፣ የጎረቤቱ ማድጋም አለ። የእኛም ሥራ ይህን ይመስላል።

በሉማሜና በዙሪያው ያለ ገበሬ በቤቱ ያለውን ሲቆጥር ጤፍና ስንዴ፣ በግና ዶሮ፣ አንዳንዱ ቀፎ፣ ብዙው ደግሞ በማሳው ዳርቻ የተተከለ ባሕር ዛፍ ያገኛል። እነዚህ ሁሉ እኩል አይደሉም። በሬ ቢሸጥ የሚቀጥለው ዓመት እርሻ ይጎድላል፤ ማሳ ለረጅም ጊዜ ቢከራይ የታናናሾቹ እንጀራ ይጎድላል። በግ ወይም የደረሰ ባሕር ዛፍ ቢሸጥ ግን ቤቱ ምርት የሚያገኝበት መሣሪያ አይነካም። ስለዚህ ቤተሰቡን ስንመክር «የሚያፈራውን ሳይሆን ያፈራውን ሽጡ» እንበል።

ጊዜውም እንዲሁ ይታሰብ። ምርት ሳይሰበሰብ በክረምት ማብቂያ የሚመጣ ጥሪ ገበሬውን በባዶ ጎተራ ያገኘዋል፤ እህሉ ሲወቃ ግን ዋጋ ይወርዳል። ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ ለእርሱ የተለየ አንድ በግ ወይም ጥቂት ባሕር ዛፍ የተመደበለት ቤት፣ በአራተኛው ዓመት አይደናገጥም። በባንክ ማስቀመጥ የሚችልም በልጁ ስም ደብተር ቢያወጣ መልካም ነው፤ የቀድሞው አብቁተ፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ ገበሬው ለረጅም ዘመን የሚያውቀው ነው።

ከሁሉ የሚከፋው አራጣ ነው። አራጣ ማበደር በአገራችን ሕግ ወንጀል ነው፤ በቤተ ክርስቲያንም የተወገዘ ነው። ሆኖም የመኪና ቀን ሲደርስ ገንዘብ ያጣ አባት በጨለማ ወደ አበዳሪው ቤት እንደሚሄድ እናውቃለን። የሰበካ ጉባኤ ቀድሞ ያልደረሰለትን ሰው አራጣ አበዳሪው ይደርስለታል።

4. ከአብነት ትምህርት ቤት የምንማረው

ለመሆኑ ልጅን ያለ ገንዘብ ወደ ሩቅ አገር ልኮ ማስተማር ለጎጃም አዲስ ነገር ነውን? አይደለም። የአብነት ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ ከአገሩ ርቆ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ፣ ወደ ዲማ ሲሄድ የሚያበላው ወላጁ አልነበረም። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በደጅ ሲቆም የማያውቀው መንደር ቁራሽ ይሰጠዋል፤ ጎጆውንም ከጓደኞቹ ጋር ይቀልሳል። በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ በዚሁ የአብነት ትምህርት መንገድ አልፈው ነው ወደ አዲስ አበባ የሄዱት።

ይህን የምናነሣው የዛሬው ተማሪ አኩፋዳ ያንግት ለማለት አይደለም፤ ያ ኑሮ ረኃብም፣ የውሻ ንክሻም፣ በሽታም ነበረበት። የምናነሣው ሁለት ነገር ለመማር ነው። የመጀመሪያው፣ ተማሪን መመገብ የአንድ ቤት ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ ድርሻ መሆኑ ነው። ማንም ቤት ብዙ አልሰጠም፤ ግን ብዙ ቤት ጥቂት ጥቂት ሰጥቷል። ሁለተኛው፣ በዚያ ሥርዓት መጠየቅ ነውር አልነበረም። ተማሪው ሲለምን የተማሪነቱን ሥርዓት ፈጸመ እንጂ ተዋረደ አልተባለም። የዛሬው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቁራሽ ከሚያገኝበት መንደር ወጥቶ፣ መጠየቅ ነውር ወደ ሆነበት ዓለም ገብቷል። ኀፍረቱን ልናቀልለት የምንችለው እኛ ቀድመን ስንጠይቀው ነው።

5. ሰበካ ጉባኤው ምን ይሥራ?

ከዚህ በታች የቀረበው ሐሳብ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የልማት ክፍሉ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ጋር ሆኖ ሊጀምረው ይችላል።

ሀ. መዝገብ መያዝ። በአጥቢያው ያሉትን የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ይመዝግቡ። ውጤት ከመጣ በኋላ ሳይሆን ከፈተናው በፊት ይጀመር።

ለ. የወጪ ዝርዝር ማዘጋጀት። በክረምት ወደ ቤት የሚመለሱትን የግቢ ተማሪዎች አንድ እሑድ ሰብስቦ፣ በዚህ ዓመት በእውነት ያወጡትን መጠየቅ ነው። ዝርዝሩ ሦስት ክፍል ይኑረው፦ ከመነሣት በፊት፣ በመንገድ፣ በየወሩ። በዚያው ላይ «ያልጠቀመኝ ዕቃ» የሚል አንድ ዐምድ ይጨመር፤ ብዙ ገንዘብ የሚያድነው እርሱ ነው።

ሐ. ከቤተሰቡ ጋር መቀመጥ። ጥሪ ሲመጣ አንድ ካህንና አንድ የጉባኤ አባል ወደ ቤቱ ሄደው ከአባት፣ ከእናትና ከልጁ ጋር ይቁጠሩ። የንስሐ አባት ያለበት ቤት ከሆነ በእርሱ በኩል ቢሆን ይመረጣል። እናቲቱ በውይይቱ ትኑር፤ የቤቱን ጓዳ የምታውቀው እርሷ ናት።

መ. የመንገድ ሰንሰለት መሥራት። ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱትን ማገናኘት፤ አዲስ አበባ ካሉ የአጥቢያው ተወላጆች ማደሪያ የሚሰጡ፣ የታወቁና የታመኑ ቤተሰቦችን መያዝ፤ በሚደርሱበት ዩኒቨርሲቲ ካለው ግቢ ጉባኤ ጋር አስቀድሞ በስልክ ማስተዋወቅ ነው። ያቺ ልጅ የጠየቀችኝ ጥያቄ በአንድ የስልክ ጥሪ የሚመለስ ነበር።

ሠ. የስንቅ ሣጥን ማቋቋም። ለምሳሌ 200 አባወራ ያለው አጥቢያ እያንዳንዱ በወር 20 ብር ቢያዋጣ በወር 4,000፣ በዓመት 48,000 ብር ይሆናል። በዓመቱ ስድስት ልጆች ቢሄዱ ለእያንዳንዳቸው 8,000 ብር ይደርሳል። የዋጋው ውድነት ባለበት በዚህ ጊዜ 20 ብር የከበደባቸው ቤቶች ይኖራሉ፤ እነርሱ አይገደዱ። ማኅበርና ሰንበቴ ካላቸው ድግስ በዓመት አንድ ጊዜ ጥቂት ቀንሰው ሊያግዙ ይችላሉ። ለስእለት የገባ ገንዘብ ግን ወደዚህ አይዙር።

ሣጥኑ እንዳይፈርስ ሥርዓት ይበጅለት። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ ገንዘቡ በባንክ ይቀመጥ፤ ወጪው በሁለት ሰው ፊርማ ይሁን፤ የተሰጠው ጠቅላላ መጠን ለምእመናን በዓመት አንድ ጊዜ ይነገር። የተረዱት ልጆች ስም ግን በዐውደ ምሕረት አይጠራ። ዘመድ ለዘመዱ አይፍረድ፤ የሚመዘነው ችግሩ ይሁን። ገንዘቡም በአንድ ጊዜ ከሚሰጥ ከፊሉ ለመንገድ፣ ቀሪው በየወሩ ቢላክ ይሻላል፤ ያን ጊዜ በየወሩ ልጁን «እንዴት ነህ?» የሚለው ሰው አለው ማለት ነው።

ረ. ያላለፉትን አለመርሳት። ከላይ ያየነው ቁጥር እንደሚነግረን፣ ከአጥቢያችን ልጆች አብዛኞቹ በዚህ ዓመት አያልፉም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑት የተዘጋጀው፣ በተለምዶ ሬሜዲያል የሚባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት አለ፤ ለሌሎቹ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት አለ። ለእነዚህም ወጪ ይቆጠርላቸው፤ ከሣጥኑም ድርሻ ይኑራቸው። ቤተ ክርስቲያን ላለፈው ልጅ ብቻ ዕልል ካለች፣ ያላለፈው ልጅ ደጇን መርገጥ ያፍራል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ባለፉት ሦስት ዓመታት ወደ ዩኒቨርሲቲ የሄዱ ልጆች ስንት ናቸው? ለመሄዳቸው በየቤቱ ምን ተሸጠ?
2. ጀምረው በገንዘብ ምክንያት ያቋረጡ አሉ? ማን ቀድሞ አወቀ?
3. በአጥቢያችን ውስጥ የወጪ መጋራት ውልን አንብቦ ለወላጆች ማስረዳት የሚችል ማን ነው?
4. አንድ ተማሪ ቢቸገር ሳያፍር ሊደውልለት የሚችል ሰው ማን ይሁን? ስሙን ዛሬ እንወስን።

ማጠቃለያ

እነዚህ ሥራዎች የልጆቻችንን ችግር ሁሉ አያስወግዱም። የኑሮው ውድነት አለ፤ የመንገዱ ጸጥታ አለ፤ ከምረቃ በኋላም ሥራ የማግኘቱ ጥያቄ አለ። ሆኖም ሰው የሚያውቀውን ሸክም አመቻችቶ ይሸከማል፤ የማያውቀው ሸክም ግን ገና ሳይነሣ ያጎብጠዋል። እኔ ለዚያች ልጅ በጊዜው አልደረስሁላትም። በዚህ ዓመት ግን በየአጥቢያችን ተመሳሳይ ጥያቄ ይዛ የምትጠብቅ ሌላ ልጅ አለች፤ የአባቷም በሬ ገና በበረቱ ነው። የሚቀጥለው የጉባኤያችሁ ስብሰባ ከእርሷ ቤት ይጀምር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።